ሰይፍ ሳይቀጠቅጡ ሰይፍን የዳኙ ወልዋዮች

በጃፓን የሰይፍ ታሪክ ውስጥ ስሙ ሳይነሳ የማይታለፍ አንድ ቤተሰብ አለ፤ ሆንአሚ ይባላል። ሙያቸው ግን ሰይፍ መሥራት አልነበረም። ሰይፍ ያጸዳሉ፣ ይወለውላሉ፣ ስለ ሰይፍ ይመሰክራሉ። በቃ። ቀጥቃጩ ከከሰልና ከመዶሻ ጋር ሲታገል ይውልና፣ የቀጠቀጠው ነገር ስንት ወርቅ እንደሚያወጣ የሚወስኑት ኪዮቶ ተቀምጠው ብረት ከድንጋይ ጋር የሚያሹት ሰዎች ነበሩ። እኔ ዕድሜዬን በብረታ ብረት ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙና ሳለሰልስና አሲድ ሳስነካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ለወልዋዩ ማድላቴ አይቀርም፣ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ወልዋዩ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘው፣ ሰይፉ ላይ ያለውን አንድ መስመር ከእሱ በቀር አጥርቶ የሚያወጣው ስለሌለ ነው። መስመሩ ሃሞን ይባላል። ከስለቱ ከፍ ብሎ፣ ከሰይፉ ጫፍ እስከ እጀታው፣ አንዳንዴ ቀጥ ብሎ፣ አንዳንዴ እየተጥመለመለ የሚሄድ የነጣ ወሰን ነው። ከወሰኑ ወደ ስለቱ ያለው ብረት ጠንካራ ነው፤ ወደ ጀርባው ያለው ለዘብ ያለ። ማንም በእጁ አልሳለውም። የሚወለደው ቀጥቃጩ የጋለውን ሰይፍ ውሃ ውስጥ በሚነክርባት ቅጽበት ነው።

ቀጥቃጩ ቅርጹን ከጨረሰ በኋላ የሸክላ ጭቃን ከከሰል ዱቄትና ከደቀቀ ድንጋይ ጋር ለውሶ ሰይፉን ይለስነዋል። ጀርባው ላይ ወፍራም፣ ስለቱ ላይ ስስ አድርጎ። ከዚያ ቤቱን ያጨልማል፤ የብረቱን ግለት የሚለካው በቀለሙ ነውና ብርሃን ያሳስተዋል። ሰይፉ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ከእሳቱ ያወጣና ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ይከተዋል። ስስ ጭቃ የለበሰው ስለት በቅጽበት ይቀዘቅዛል፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን መውጫ ጊዜ አጥቶ እዚያው ይታፈናል፤ ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፣ ይሰባበራልም። ወፍራም ጭቃ የደረበው ጀርባ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ምት የሚችል ሆኖ ይቀራል። የጠነከረው ክፍል መጠኑ ትንሽ ስለሚያድግ ሰይፉን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ያ የታወቀው የጃፓን ሰይፍ ጉብጠት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከውሃው ውስጥ ጠቅ የምትል ድምፅ ትሰማለች። ስለቱ ተሰነጠቀ ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ብረቱ አንድ ነገር ልበል። የእኛ አገር ቀጥቃጭ ቢላዋና ማጭድ የሚያወጣው በአብዛኛው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ግሩም ብረት ነው፤ ግን ክሮሚየም ወይም ማንጋኒዝ የተቀየጠበት በመሆኑ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝም ውስጡ ድረስ ይጠነክራል። ጭቃ ብትለስነውም መስመሩ ደብዛዛ ነው። ጃፓኖች ከብረት አሸዋ ታታራ በሚባል ምድጃ የሚያወጡት ታማሃጋኔ ግን ከካርቦን በቀር ይህ ነው የሚባል ቅይጥ የለውም። በቅጽበት ካልቀዘቀዘ አይጠነክርም። ጠንካራውና ለስላሳው ተለያይተው ቁልጭ ብለው የሚታዩት በዚህ ነው።

ሰይፉ ከውሃው ሲወጣ ግን ምንም አይታይም። የጠቆረ፣ የተቃጠለ ጭቃ የተጣበቀበት ብረት ነው። ቀጥቃጩ ቅርጹን በሻካራ ድንጋይ ካስተካከለ በኋላ ለወልዋዩ ያስረክበዋል።

ወልዋዩ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ይቀመጣል። መሳያ ድንጋዩ ከፊቱ ነው፤ በቀኝ እግሩ በሚረግጠው ጠማማ እንጨት ተጭኖ ስለሚይዘው ሁለቱም እጆቹ ለሰይፉ ነፃ ናቸው። በጎኑ ያለው የውሃ ባልዲ ብረቱን እንዳያዝግ ሶዳ ተጨምሮበታል። ድንጋዮቹ ብዙ ናቸው፤ ከሻካራው ተነስቶ ወደ ደቃቁ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ድንጋይ የማሸቱን አቅጣጫ ይቀይራል፤ አለዚያ የፊተኛው ድንጋይ የጫረው ጭረት መጥፋቱን ማወቅ አይችልም። ይህን የቤተ ሙከራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪዎቼን ሳስተምር ትልቁ ጣጣ ይኸው ነበር፦ የብርጭቆ ወረቀቱን ቁጥር ለመጨረስ ይቸኩላሉ፣ ናሙናው መስታወት የመሰለ ሲሆን ይደሰታሉ፣ ከዚያ አሲድ ሲነካው ያ የተረሳ የመጀመሪያ ጭረት ሁሉ ተነስቶ ይቆማል። አሲድ ጭረትን አይሸፍንም፣ ያጎላዋል።

የወልዋዩ ቁም ነገር የሚጀምረው ኡቺጉሞሪ ከሚባለው ድንጋይ ነው። ከኪዮቶ አካባቢ ተራሮች የሚወጣ፣ ግራጫማ፣ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ድንጋይ ነው። ለሻካራዎቹ ድንጋዮች ዛሬ ፋብሪካ ሠራሽ ምትክ አለ፤ ለዚህ ግን ወልዋዮቹን የሚያረካ ምትክ አልተገኘም፣ ይወጣባቸው የነበሩት ጉድጓዶችም አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ኡቺጉሞሪ ለስላሳውን ብረት አብዝቶ፣ ጠንካራውን አሳንሶ ይበላል። መስመሩ ከብረቱ ውስጥ ብቅ የሚለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ትልቅ ድንጋይ አያስፈልግም። ከዚያው ኡቺጉሞሪ የተሰነጠቀች፣ እንደ ወረቀት እስክትሳሳ የተፋቀች፣ ከጀርባዋ ስስ ወረቀት በላከር ሙጫ የተለጠፈባት፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ አለች። ወልዋዩ እሷን በአውራ ጣቱ ስር አድርጎ ከሰይፉ ጫፍ እስከ እጀታው፣ ስንዝር በስንዝር ሳይሆን ጣት በጣት ያሻል። ቀጥሎ ደግሞ ከምድጃ ላይ የሚረግፈውን የብረት ቅርፊት አልሞ፣ በቅርንፉድ ዘይት በጥብጦ፣ በወረቀት አጥልሎ በጥጥ ይቀባዋል። ኑጉዪ ይሉታል። የሰይፉን ገላ ያጠቁረዋል፤ ገላው ሲጠቁር ስለቱ ይነጣል። በመጨረሻ የሰይፉን ጀርባና ጎን በብረት ዘንግ ተጭኖ እያሻሸ ያብረቀርቀዋል። አንድ ረጅም ሰይፍ ሳምንታት ይፈጃል። ሙያውን ለመልመድ ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ ከጌታው ጋር መቀመጥ የተለመደ ነው።

እንዲህ የተወለወለን ሰይፍ አንድ አምፖል ብቻ ባለበት ክፍል ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ የሚያይ ሰው መስመሩ መስመር አለመሆኑን ይረዳል። ውስጡ ዓለም አለው። አንዳንዱ ላይ በዓይን የሚለዩ የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ይታያሉ፤ ኒኤ ይባላሉ። ሌላው ላይ ቅንጣቱ ከዓይን በላይ ስለሚደቅ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየው፤ ይህ ኒዮይ ነው። በካማኩራ የነበረው የቀጥቃጩ የማሳሙኔ ወገን በኒኤ ይታወቃል፤ በዛሬዋ ኦካያማ አካባቢ የነበሩት የቢዘን ቀጥቃጮች በኒዮይ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የቢዘኑ ኢቺሞንጂ ወገን መስመሩን የቅርንፉድ እንቡጥ በተደረደረ ቅርጽ ያወጣው ነበር፣ ስሙም ቅርንፉድ ነው። ቀጥቃጩ ስሙን እጀታው በሚሸፍነው ክፍል ላይ ይቀርጻል፤ ግን ስም በውሸትም ይቀረጻል፣ ረጅም ሰይፍ ከታች ሲቆረጥም አብሮ ይጠፋል። ማሳሙኔ ራሱ ፊርማው ያለበት ሥራ የተረፈለት እጅግ ጥቂት ነው። የእሱ ናቸው የሚባሉት ታላላቅ ሰይፎች የእሱ ናቸው የተባሉት ብረቱን አይቶ በመሰከረ ሰው ቃል ነው። ያ ሰው ማን ነው? ወልዋዩ።

የሆንአሚ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ሚዮሆን ከሚባል ሰው ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያውን የአሺካጋ ሾጉን (የአገሩን የጦር ገዥ) ታካኡጂን አገልግሏል ይባላል። የቤቱ ሥልጣን ጣሪያ የነካው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ አገሩን ጠቅልሎ በያዘበት ጊዜ ነው። ያኔ የቤቱ አለቃ ኮቶኩ ነበር። ሂዴዮሺ ለዚህ ቤት የምስክር ወረቀት የመስጠት መብት ሰጠ። ወረቀቱ ታጥፎ ስለሚሰጥ ኦሪጋሚ ይባል ነበር፤ ሰይፉ የማን ሥራ እንደሆነና ዋጋው ስንት ወርቅ እንደሆነ ይናገራል፣ ማኅተም አለበት። መሳፍንቱ እርስ በርስና ለሾጉኑ ሰይፍ ስጦታ የሚለዋወጡበት ዘመን ነበርና ወረቀቱ ከሰይፉ እኩል ይፈለግ ነበር።

ከቤቱ ልጆች በዓለም ይበልጥ የታወቀው ኮኤትሱ ነው፤ ከ1558 እስከ 1637 የኖረ። የሚገርመው፣ ዝናው በሰይፍ አይደለም። በእጅ ጽሑፉ፣ በሻይ ጽዋዎቹና በላከር ሥራው ነው። ፉጂሳን የተባለችው ጽዋው ዛሬ የጃፓን ብሔራዊ ሀብት ናት። በ1615 የቀድሞው ሾጉን ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ከኪዮቶ በስተ ሰሜን ታካጋሚኔ የሚባል ቦታ ሰጥቶት ከዘመዶቹና ከባለ ሙያዎች ጋር መንደር መሠረተ። ሰው ብዙ ጊዜ ጽዋውን ያደንቅና ወልዋይነቱን እንደ ቤተሰብ ወሬ ያልፈዋል። እኔ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት ላይ ጭጋግና ጥላ ሲያነብ ያደገ ዓይን ጽዋው ላይም የሠራ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ማንሳቴ አይቀርም። ጃፓን ውስጥ ቀጥቃጩ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ በተቀደሰ ገመድ በታጠረ ቤት ውስጥ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ እኛ ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ብለን እንሸሸው ነበር። አጤ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ቆየ። ማረሻውን ከእሱ እየወሰድን ነው እንግዲህ።

ዳኝነትን ከገንዘብ ጋር ያጣመረ ሥልጣን ንጹሕ ሆኖ አይቆይም፤ የሆንአሚም ቤት አልቆየም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቤቱ አለቃ የነበረው ኮቹ ጥብቅ ሰው ነበር። በ1719 በሾጉን ዮሺሙኔ ትእዛዝ የአገሩን ስመ ጥር ሰይፎች መዝግቦ ያቀረበው እሱ ነው፤ ኪዮሆ ሜይቡትሱቾ የሚባለው መዝገብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የእሱ ኦሪጋሚ ዛሬም ይታመናል። ከእሱ በኋላ የወጡት ላይ ግን አዋቂዎች ፊታቸውን ያኮሳትራሉ፤ ደጃቸው ለመጣ ባለ ጸጋ ስሙንም ዋጋውንም ከፍ እያደረጉ መስጠት ጀምረው ነበርና።

በመጋቢት 1876 የሜጂ መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ከጥቂቶች በቀር ለሁሉም ከለከለ። ተዋጊው ሳሙራይ ሰይፉን ከወገቡ ሲፈታ የቀጥቃጩም የወልዋዩም እንጀራ አብሮ ተፈታ። ብዙ ቀጥቃጭ ወደ ቢላዋና ወደ እርሻ መሣሪያ ዞረ፤ ሰይፉም በርካሽ እየተሸጠ ወደ ውጭ ወጣ። ሙያው ያልሞተው ሰብሳቢዎች በመኖራቸው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሜጂ ራሱ ዋናው የሰይፍ ወዳጅ ነበር። ግን ሰብሳቢ ተዋጊ አይደለም። ሰይፉን የሚያየው እልፍኝ ውስጥ፣ ለጌጥ ነው። በዚህ ጊዜ ነው ሆንአሚ ሄይጁሮ ናሪሺጌ ሃዶሪ የሚባለውን አወላወል እንዳመጣ የሚነገረው። ጥፍር በምታህለዋ ድንጋይ የመስመሩን ቅርጽ እየተከተለ ስለቱን ነጭ አድርጎ ያለብሰዋል። ከሩቅ ያምራል። ዛሬ ከምናየው ሰይፍ አብዛኛው እንዲህ የተወለወለ ነው።

ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የጃፓን የጦር መሣሪያ ክፍል ውስጥ መስታወቱ ፊት የቆመ ሰው ያንን ነጭ ሞገድ አይቶ ሃሞኑን ያየ ይመስለዋል። ጎንበስ ብሎ ብርሃኑን ሲይዘው ግን እውነተኛው ወሰን ከነጩ ሥር፣ ሌላ መንገድ ይዞ ሲሄድ ያገኘዋል። ነጩ የወልዋዩ ነው፤ ከሥሩ ያለው የቀጥቃጩ። ከሃዶሪ በፊት የነበረው ሳሺኮሚ የሚባለው አወላወል መስመሩን እንዳለ ነበር የሚያወጣው፣ ምንም ሳይደርብበት። ሃዶሪን የሚደግፉ ጌቶች ብዙ ናቸው፤ ክርክራቸውንም አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰይፍ በሳሺኮሚ አያምርም ይላሉ። እውነት ነው፣ አያምርም። ግን የማያምረው ሰይፍ እንደማያምር መታየት አለበት ባይ ነኝ። ምስክር ቃሉን አያሳምርም።

የእኔ ሙያ በአውሮፓ የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። በ1863 የሼፊልዱ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ብረትን አለስልሶ፣ በጣም በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ አስነክቶ በማይክሮስኮፕ አየ። በ1895 ፈረንሳዊው ፍሎሪስ ኦስሞን ያንን ጠንካራ፣ በቅጽበት የቀዘቀዘ ብረት በጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም ማርቴንሳይት ብሎ ሰየመው። የሰይፍ ወልዋዩ ካርቦን የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ኒኤ ብሎ የሚጠራው ግን ይኸው ማርቴንሳይት ነው፣ በዓይኑም ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ለይቶታል።

በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ የአሜሪካ ጦር ሰይፍን እንደ መሣሪያ እየሰበሰበ ያጠፋ ጀመር። ቶኪዮ ውስጥ አካባኔ በሚባለው የጦር መጋዘን የተከማቹት ተለይተው ለብሔራዊ ሙዚየሙ የተረፉት ከአምስት ሺህ በላይ ናቸው። ሆንማ ጁንጂና ሳቶ ካንዛን የተባሉ አዋቂዎች ኮሎኔል ካድዌል የሚባለውን የጦር ፖሊስ አዛዥ አግባብተው የጥበብ ዋጋ ያላቸው እንዲለዩ አደረጉ፤ በ1948 የሰይፍ ጥበቃ ማኅበር ተቋቋመ። የምስክር ወረቀት መስጠቱም ከአንድ ቤተሰብ እጅ ወጥቶ ወደ ማኅበሩ ኮሚቴ ገባ። ይህ በጎ ነገር ነው። ወልዋዩ ግን አልተረሳም፦ በ1975 ሆንአሚ ኒሹ፣ በ1996 ፉጂሺሮ ማትሱኦ፣ በ1998 ናጋያማ ኮካን፣ በ2014 ሆንአሚ ኮሹ ሕያው ብሔራዊ ሀብት ተብለው በመንግሥት ተሰይመዋል።

አሁን ወደ አሲዱ። ዛሬ በአሜሪካም በአውሮፓም ቢላዋ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ኡቺጉሞሪ የለውም። ያለው የብርጭቆ ወረቀትና ፌሪክ ክሎራይድ ነው፤ ያ የሬዲዮ ጠጋኞች የመዳብ ሰሌዳ የሚበሉበት ፈሳሽ። በውሃ አቅጥኖ ቢላዋውን ይነክርበታል፣ አውጥቶ በሶዳ ያጥበዋል፣ የለበሰውን ጥቁር በደቃቅ ዱቄት ይጠርገዋል፣ ይደግመዋል። ሎሚና ኮምጣጤም ይሠራሉ፣ ቀስ ብለው። አሲዱ ጠንካራውንና ለስላሳውን እኩል ስለማይበላቸው መስመሩ ይወጣል። አንዳንድ የሰይፍ ወዳጆች ይህን እንደ ማጭበርበር ያዩታል። እኔ አልስማማም፤ በጭቃ ተለስኖ ውሃ የገባ ቢላዋ ላይ አሲዱ የሚያሳየው ያለውን ነው። ያለውን አይደብቅም፣ የሌለውን አይጨምርም። ዝርዝሩ ላይ ግን ሻካራ ነው፤ ኡቺጉሞሪ የሚያወጣቸውን ደቃቅ ቅንጣቶች ጠራርጎ ይበላቸዋል። ማጭበርበሩ ሌላ ነው፦ ውሃ ባላየ ብረት ላይ መስመር በአሲድ መሳል። በገበያ የሞላው የጌጥ ሰይፍ እንዲህ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ያ መስመር ቆዳ ላይ ያለ ነውና ሲወለወል ይጠፋል። እውነተኛው ጠፍቶ በተወለወለ ቁጥር ይመለሳል፣ ብረቱ እስኪያልቅ። ብረቱ ደግሞ ያልቃል፤ በእያንዳንዱ መወልወል ይሳሳል፣ ብዙ የተወለወለ ሰይፍ ውስጠኛው ለስላሳ ብረት በየቦታው ብቅ ይላል። ጃፓኖች ሰይፉ ደከመ ይላሉ።

በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ያሉት የአያት የቅድመ አያት ጎራዴዎች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ብዙዎቹ ስለታቸው ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጣ ነው፤ በላያቸው ያለው የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ በአሲድ የተበላ፣ ከፊቱ ብዙም ያልጠለቀ ጌጥ ነው። ሲጠፋ እንደ ሃሞን ከውስጥ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጎራዴ በእጃችሁ ካለ ለበዓል ላብረቅርቀው ብላችሁ የብርጭቆ ወረቀትም፣ ሎሚም፣ ግራይንደርም አታስነኩት። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ስስ ዘይት ቀቡት፣ ከቆዳ አፎቱ አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን ያዝጋል።